የኋላው ኤሲ አልታዘዝ ሲል፦ ስለ ዩ0165 ኮድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለ ሦስት ረድፍ መኪና የሚነዳ ሰው ችግሩን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከኋላ «ኧረ በሙቀት ሞትን» ሲባል ነው። ፊት ላይ ኤሲው ደህና ይነፍሳል። ኋላ ግን አየር የለም፣ ጣራው ላይ ያለው መቆጣጠሪያም ቢጫኑት አይሰማም። ስካነር (የመኪናውን የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ) ሲሰካ «ከኋላው ኤሲ ሞጁል ጋር ያለው ግንኙነት ጠፍቷል» የሚል ኮድ፣ ዩ0165 (U0165)፣ ይወጣል። ሞጁል ማለት አንዱን የመኪና ክፍል የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ግምት ይሰጣል፤ አንዱ ጋዝ አልቋል ይላል፣ ሌላው ሞጁል ግዛ ይላል።

እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች በብዛት አሜሪካ ውስጥ ሰበርባን፣ ኤክስፔዲሽን፣ ሲየና፣ ፓሲፊካና የመሳሰሉትን ከሚነዱ ወገኖች የሚመጡ ናቸው። ኡበር ኤክስኤል ወይም የኤርፖርት ሥራ ለሚሠራ ሰው የኋላ ኤሲ ቅንጦት አይደለም፤ በሐምሌ ሙቀት ኋላ ላብ በላብ የሆነ ተሳፋሪ የሚሰጠውን ኮከብ ታውቁታላችሁ። አገር ቤት ላሉት መኪኖችም ወደ ታች ጥቂት ነገር አለ።

ዩ0165 ምን ማለት ነው?

የመኪና ኮዶች ከአራት ፊደሎች በአንዱ ይጀምራሉ፦ ፒ፣ ቢ፣ ሲ ወይም ዩ። ፒ ስለ ሞተርና ማርሽ ነው፣ ቢ ስለ መኪናው አካልና ስለ ውስጡ ዕቃ፣ ሲ ስለ ፍሬን፣ መሪና እግር። ዩ ደግሞ ሞጁሎቹ እርስ በርስ ስለሚነጋገሩበት መስመር ነው። ዩ0164 የፊተኛው ኤሲ ሞጁል አልተገኘም ሲል፣ ዩ0165 የኋላው አልተገኘም ማለት ነው። በአንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚለያዩት፣ ስለዚህ ስካነሩን ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ኮዱን የሚመዘግበው ዝም ያለው ሞጁል አይደለም። መልስ ሲጠብቅ የነበረው ሌላው ነው፤ ብዙ ጊዜ የፊተኛው ኤሲ መቆጣጠሪያ ወይም የመኪናውን አካል የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር። «ጠርቼው አልመለሰልኝም» ነው የሚለው፣ ለምን እንዳልመለሰ ግን እሱም አያውቅም። ኮዱ ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ታዲያ ሞጁሉ ሞቷል? ገዝቼ ልቀይረው?

ቆይ፣ አትቸኩሉ። አንድ ሞጁል ዝም የሚለው የሚመገበው የባትሪ ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ሲቀር ነው፣ ወይም ማሳው (ከመኪናው ብረትና ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ) ሲላላ፣ ወይም የመረጃ ሽቦው ሲበጠስ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ሲነካካ፣ ወይም ሶኬቱ ውስጥ ፒን ሲዝግ። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ከተገኙ በኋላ ነው ጥርጣሬ ወደ ሞጁሉ የሚዞረው። ስካነር ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ግን የሞጁሉን ስም ስለሚጠራ፣ ሰው ዘሎ እሱን ይገዛል። አዲሱ ይገጠማል፣ ኮዱ ያው ይመለሳል። ገንዘቡ ግን አይመለስም፤ አብዛኛው የመለዋወጫ ሱቅ አንዴ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይቀበልም።

ጋዝ አልቆ ሊሆን አይችልም?

ለዚህ ኮድ አይችልም። ጋዝ ሲያንስ ኤሲው ይነፍሳል ግን አያቀዘቅዝም፤ ማራገቢያው ከናካቴው አይዞርም ወይም መቆጣጠሪያው አይሰማም ከተባለ ግን ነገሩ ሽቦ ነው። ደግሞም በእነዚህ መኪኖች የፊትና የኋላ ኤሲ በአንድ ኮምፕሬሰርና በአንድ ጋዝ ነው የሚሠሩት። ፊት በረዶ እየነፈሰ ኋላ ድርግም ካለ «ጋዝ ልሙላልህ» የሚል ሰው ጋ አትቀመጡ። በተለይ በአዲሶቹ መኪኖች የሚገባው አር1234ዋይኤፍ ጋዝ ከድሮው አር134ኤ በጣም ይወደዳል።

ኋላ እየነፈሰ ሙቅ ብቻ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው፦ የአየሩን በር የምታንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ወይም የኋላው ኤክስፓንሽን ቫልቭ (ወደ ማቀዝቀዣው የሚገባውን ጋዝ የሚመጥነው) ሊሆን ይችላል። የዚች ሞተር ችግር አብዛኛውን ጊዜ በቢ ኮድ ነው የሚመጣው።

ምንም ሳልፈታ መጀመሪያ ምን ልይ?

አንደኛ፣ ፊት ያለውን የኋላ መቆለፊያ ቁልፍ። ብዙ መኪና ላይ ሹፌሩ የኋላውን መቆጣጠሪያ የሚቆልፍበት ወይም ጨርሶ የሚያጠፋበት ቁልፍ አለ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ስክሪኑ ውስጥ ተደብቋል። ልጅ ነክቶት ይሆናል። የተቆለፈ ከሆነ ዩ ኮድ አይኖርም፣ ግን ስካነር ሳይሰካ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ሞልቷል።

ሁለተኛ፣ ባትሪው። ሞተር ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.7 መሆን አለበት። የደከመ ባትሪ ሞተር ሲያስነሳ በጣም ይወርዳል፣ ያኔ ሞጁሎች አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ እርስ በርስም ይካሰሳሉ። በቅርቡ ባትሪ ሞቶባችሁ በገመድ ካስነሳችሁ ወይም ባትሪ ካስቀየራችሁ፣ የቀረው ኮድ የዚያን ቀን ትዝታ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ሦስተኛው ነገር የሚያስፈልገው፦ ኮዱ አሁን ያለ ነው ወይስ የታሪክ? ስካነሩ ሁለቱን ለይቶ ያሳያል። የታሪክ ከሆነ መዝግቡት፣ አጥፉት፣ ጥቂት ቀን ንዱ። ካልተመለሰ ባትሪውን አስተካክሉና ሌላውን ተዉት።

አራተኛው ጥያቄ ነው፦ ከመጥፋቱ በፊት መኪናው ላይ ምን ተሠራ? ኋላ ስክሪን ተገጠመ? አምፕሊፋየር? ተጎታች ማያያዣ ከነመብራት ሽቦው? ኋላ ጎን ተገጭቶ ተጠገነ? እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት የኋላው ኤሲ ሽቦ በሚያልፍበት ሰፈር ነው።

በ20 ዶላር የገዛሁት ብሉቱዝ ስካነር ይበቃል?

አይበቃም። ርካሾቹ የሚያነቡት የሞተሩን የጭስ ኮድ ነው፣ ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ ሁሉም መኪና በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያሳይ በሕግ የተገደደው እሱን ነው። የኋላውን ኤሲ ለማናገር ሁሉንም ሞጁል የሚያስስ ስካነር ያስፈልጋል። ከሱ ላይ የምትፈልጉት የኮዱን ስም ብቻ አይደለም፤ ማን ተገኘ ማን ቀረ የሚለውን ዝርዝር ነው። የኋላው ኤሲ ከዝርዝሩ ከጠፋና ሌላው ሁሉ ካለ፣ ችግሩ እሱ ጋ ወይም ወደሱ በሚሄደው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስካነሩ የኋላውን ሞጁል አግኝቶ የሚያናግረው ከሆነ ደግሞ ሞጁሉ በሕይወት አለ፤ የሚቆራረጥ ነገር ነው የምትፈልጉት።

የክራይስለር፣ ዶጅ፣ ጂፕና ራም ባለቤቶች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከ2018 ሞዴል ጀምሮ በመረጃ መስመሩ መግቢያ ላይ የጥበቃ ሞጁል አለ። ፈቃድ የሌለው ስካነር ኮድ ሊያነብ ይችላል፣ ማጥፋት ግን አይፈቀድለትም። ስካነራችሁ እንቢ ቢል ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት።

ፊውዙን አየሁት፣ ደህና ነው። ቀጥሎስ?

«አየሁት» አይበቃም። ፊውዙ ጀርባ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ከውስጣቸው ብረት ይታያል። ኮንታክት ከፍታችሁ በቴስተር (ቮልትና ኦም በሚለካው መሣሪያ) ሁለቱንም ንኩ። ሁለቱም ጋ 12 ቮልት ካለ ደህና ነው። አንዱ ጋ ብቻ ካለ ተቃጥሏል። ሁለቱም ጋ ከሌለ ኤሌክትሪክ ፊውዙ ራሱ ጋ አልደረሰም፣ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚታዘዘውን ማብሪያ ማጥፊያ) ተመልከቱ። ሌላው የሚያሳስተው ነገር ማራገቢያውና ሞጁሉ ለየብቻ ፊውዝ መያዛቸው ነው፤ ማራገቢያው ትልቁን፣ ብዙ ጊዜ 30 ወይም 40 አምፔር፣ ሞጁሉ ደግሞ ትንሹን። ሞጁሉም ራሱ ብዙ ጊዜ ሁለት መመገቢያ አለው፣ አንዱ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ ሌላው ኮንታክት ሲከፈት የሚመጣ። አንዱን አግኝታችሁ ሌላውን ካልፈተሻችሁ ግማሹን ነው የሠራችሁት።

ከዚያ ሞጁሉ ጋ ሂዱና ሶኬቱን ነቅላችሁ እዚያው ለኩ። ፊውዝ ሳጥን ላይ ያለ ኤሌክትሪክ አራት ሜትር ርቀት ምንጣፍ ሥር አልፎ እስኪደርስ ብዙ ነገር ሊያጋጥመው ይችላል። እዚህ ጋ ቴስተር ብቻውን ይዋሻል። ሽቦው ተበልቶ አንድ ቀጭን ክር ብቻ ቢቀረው፣ ቴስተሩ ያው 12 ቮልት ያሳያችኋል፣ ምክንያቱም ቴስተር ምንም አይስብም። ስለዚህ ትንሽ የ5 ዋት አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር አዘጋጁ፣ አንዱን ጫፍ ሞጁሉ ኤሌክትሪክ የሚያገኝበት ፒን ላይ፣ ሌላውን ማሳው ፒን ላይ አድርጉ። አምፖሉ ፏ ብሎ ከበራ መመገቢያውም ማሳውም ጤነኛ ናቸው። ከደበዘዘ ወይም ካልበራ ማሳውን ከሌላ ንጹህ ብረት ውሰዱና ድገሙት፤ አሁን ከበራ ጥፋቱ የማሳው ነው፣ አሁንም ካልበራ የመመገቢያው።

ማሳን በሌላ መንገድም መለካት ይቻላል። ሶኬቱ ተሰክቶ፣ ኤሲው በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የሞጁሉ ማሳ ፒን ጀርባ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ። ከ0.1 ቮልት ብዙም መብለጥ የለበትም። ግማሽ ቮልት ካያችሁ ማሳው የታሰረበትን ብሎን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የኋላው ጎን ብረት ላይ፣ ከጨርቁና ከፕላስቲኩ ጀርባ ታገኙታላችሁ፣ ሥሩ ዝጎ ወይም ቀለም ተቀብቶበት። ፈታችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድታችሁ፣ መልሳችሁ እሰሩት። የዚህ ጥገና ዋጋ ምን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አምፖል የምትጠቀሙት መመገቢያና ማሳ ላይ ብቻ ነው። የመረጃ ሽቦ ላይ ወይም የኤርባግ ሽቦ ላይ በፍጹም።

ሞጁሉ የት ነው የሚገኘው?

እንደ መኪናው ነው። በብዙዎቹ ትልልቅ ኤስዩቪዎችና ሚኒቫኖች የኋላው ኤሲ ራሱ፣ ማለትም ማራገቢያውና ማቀዝቀዣው፣ ከኋላ ጎማ በላይ ባለው የጎን ሽፋን ውስጥ ነው። ሞጁሉ እዚያው አጠገቡ ይሆናል፣ ወይም ተሳፋሪው የሚነካው መቆጣጠሪያ ፓነል ራሱ ሞጁል ይሆናል፤ ያ ደግሞ ጣራ ላይ ወይም በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል ካለው ሳጥን ጀርባ ነው። የሻሲ ቁጥራችሁን (VIN) ሰጥታችሁ የሽቦ ሥዕሉን አውጡ። ብዙ አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ለአንድ ቀንም ቢሆን በክፍያ ይከፍቱላችኋል፣ አንዳንድ የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ለአባሎቻቸው የመኪና ጥገና መረጃ በነጻ ይሰጣሉ። ያለ ሥዕል የሽቦ ቀለም መገመት ጊዜ ማባከን ነው።

የጎንና የጣራ ሽፋን ከመንቀላችሁ በፊት ግን ባትሪውን ንቀሉና የመኪናው መመሪያ የሚለውን ያህል ጠብቁ። የጎን ኤርባግ በጣራው ጠርዝ ይሄዳል፣ እስከ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አትንኩት።

የመረጃ ሽቦውን እንዴት ልለካ?

በአብዛኛው የዘመኑ መኪና መስመሩ ካን ይባላል። ቦሽ የሠራው ነው፣ በ1986 ነው ይፋ የሆነው፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ሞተሩን ለሚመረምረው ስካነር ሁሉም መኪና የሚጠቀመው ይሄንኑ ነው። ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ናቸው፣ ካን ከፍተኛና ካን ዝቅተኛ። በመስመሩ ሁለት ጫፍ 120 ኦም ሬዚስተር አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚነበቡ ቴስተሩ 60 ኦም አካባቢ ያሳያል።

ባትሪውን ነቅላችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት 6ኛውና 14ኛው መሀል ለኩ። 60 ከሆነ ጥሩ። 120 ከሆነ አንዱ ጫፍ ጠፍቷል፣ ማለትም ዋናው መስመር የሆነ ቦታ ተበጥሷል ወይም ጫፉን የያዘው ሞጁል ተነቅሏል። ዜሮ አጠገብ ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

ከዚያ ባትሪውን መልሱና ኮንታክት ክፈቱ። ካን ከፍተኛው ወደ ማሳ ሲለካ ከ2.5 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ዝቅተኛው ትንሽ ዝቅ ይላል። ሁለቱን ደምሩ፣ 5 ቮልት አካባቢ ካልመጣ አንዱ ታሟል። አንዱ 12 ቮልት ካሳየ ከመመገቢያ ሽቦ ጋር ተገናኝቷል፤ አንዱ ዜሮ ካለ ማሳ ነክቷል።

60 ኦም አገኘሁ። ደህና ነው ማለት ነው?

ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። 6 እና 14 ላይ 60 ማግኘት የሚነግራችሁ ከዚያ ሶኬት የሚታየው ዋና መስመር ደህና መሆኑን ብቻ ነው። ወደ ኋላው ሞጁል የምትሄደው ቅርንጫፍ ብትቆረጥም ሬዚስተሮቹ ያሉት ዋናው መስመር ላይ ከሆነ ያው 60 ነው የምታነቡት። በአዲሶቹ መኪኖች ደግሞ 6 እና 14 የሚደርሱት መሀል ላይ እስካለው ጌትዌይ (መስመሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ሞጁል) ድረስ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ የውስጡ መስመር ከዚያ ወዲያ ነው። ፎርድ ላይ ብዙ ጊዜ ሌላኛው መስመር በ3 እና በ11 ይወጣል፤ በድሮዎቹ ጂኤሞች የውስጡ ዕቃ የሚነጋገርበት ባለ አንድ ሽቦ መስመር 1ኛው ፒን ላይ ነበር።

ስለዚህ እውነተኛው ልኬት ሞጁሉ ጋ ነው። የሞጁሉን ሶኬት ነቅላችሁ በሁለቱ የካን ፒኖች መሀል ለኩ፣ ባትሪ ተነቅሎ። 60 ካገኛችሁ ሽቦው እስከዚያ ድረስ ደርሷል። ምንም ካላነበበ ቅርንጫፉ ተቆርጧል። 120 ካነበበ ሥዕሉን ተመልከቱ፤ አንደኛው ሬዚስተር እናንተው የነቀላችሁት ሞጁል ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ያ ከሆነ 120 ትክክለኛ መልስ ነው።

እዚህ ደርሳችሁ መመገቢያው አለ፣ ማሳው አለ፣ ሁለቱም የመረጃ ሽቦ ደርሷል፣ ፒኖቹ ንጹህ ናቸው፣ ሞጁሉ ግን ዝም ካለ፣ አሁን ሞጁሉን ክሰሱት። እስከዚህ ግን አይደለም።

የኔ መኪና ላይ የሚሄደው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ተሳስቻለሁ?

ላይሆን ይችላል። ብዙ አምራቾች የኋላውን ፓነል በሊን ነው የሚያገናኙት። ሊን አንድ ሽቦ ነው፣ ዘገምተኛና ርካሽ። አለቃው ፊት ያለው ሞጁል ነው፤ እሱ ካልጠየቀ ኋላ ያለው አይናገርም። ጸጥ ሲል ወደ ባትሪው ቮልት ይጠጋል፣ ሲነጋገር ቴስተሩ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይዋዥቃል። ዜሮ ላይ ከተጣበቀ ማሳ ነክቷል ወይም በዚያ መስመር ካሉት አንዱ ውስጡ ተበላሽቷል፤ አንድ በአንድ ንቀሉ፣ ስትነቅሉት መስመሩ የሚነቃለት እሱ ነው ጥፋተኛው። የሊን ችግር ሁልጊዜ በዩ0165 አይመጣም፣ አምራቹ በራሱ ኮድ ሊያሳየው ይችላል።

አንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ ኋላ ያለው ቁልፍ ብቻ ነው፣ የራሱ ሞጁል የለውም። እዚያ ላይ ይሄ ሁሉ አይሠራም።

አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ጋራዥ ስወስደው ደግሞ ደህና ይሆናል።

የታወቀ ነው። መቼ እንደሚጠፋ ማስተዋል ግማሹ ሥራ ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት ከሆነ ውሃ ፈልጉ። የጣራ መስታወት ያለው መኪና በማዕዘኖቹ የውሃ መውረጃ ቱቦ አለው፤ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ውሃው በጣራው ውስጥ ይሄድና በጎን ሽፋኑ ይወርዳል፣ ማለትም ቀጥ ብሎ ወደ ኋላው ኤሲ ሶኬት። ምንጣፉን በእጃችሁ ጫን አድርጉት፣ ስፖንጁ ውሃ ከተፋ አግኝታችሁታል።

ጉድጓድ ስትገቡ ወይም ሁለተኛውን ረድፍ ወንበር ስታንሸራትቱ ከሆነ ደግሞ ምንጣፍ ሥር ያለው ሽቦ ተቆንጥጧል። በመሀሉ ሳጥን ጀርባ ያለ ፓነል ከሆነ መጠጥ ጠርጥሩ። አንድ የማውቀው ሹፌር ሚኒቫኑ ላይ ይሄ ኮድ ይመጣ ይሄድ ነበር፣ አንድ ጋራዥ ሞጁል ይቀየር ብሎታል። ፓነሉን አውጥተን ሶኬቱን ስንነቅለው ፒኖቹ መሀል ቡናማ የሚያጣብቅ ነገር ደርቋል፣ ሁለቱ ፒኖች ላይ ደግሞ አረንጓዴ ዱቄት ይዟል። ማኪያቶ ነበር። በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይና በለስላሳ ብሩሽ ተጠረገ፣ አንዱ ላልቶ የነበረ ፒን ተጠበቀ፣ ኮዱም ቀረ። ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አይሆንም፣ አረንጓዴው ፒኑን ከበላው ፒኑ መቀየር አለበት።

አይጥም አትርሱ። ክረምት ላይ ውጭ የሚያድር መኪና ውስጥ ገብታ ሽቦ ትበላለች፤ የጎን ሽፋኑን ከፍታችሁ የተቦጫጨቀ ስፖንጅና ጥቁር ፍሬ ፍሬ ካያችሁ ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

የሚቆራረጥን ነገር ለመያዝ ስካነሩን የኋላው ሞጁል ላይ አድርጋችሁ፣ አንድ ሰው ስክሪኑን እያየ፣ ሌላው ሽቦውን ከሶኬቱ ጀምሮ ቀስ ብሎ እያነቃነቀ ይሂድ። ግንኙነቱ ጠፋ የሚልበት ቦታ ላይ ቁሙ። የተቆረጠ የካን ሽቦ ስትቀጥሉ ሁለቱን መልሳችሁ አጠማዝዙ፣ በደንብ በይዱ፣ ሸፍኑ። እጅ በእጅ ጠምዝዞ በቴፕ መጠቅለል ከሁለት ወር በኋላ ያው ኮድ ነው።

ከዩ0165 ጋር ሌላ ብዙ ኮድ ቢመጣስ?

የኋላውን ኤሲ ለጊዜው እርሱት። ዩ0100፣ ዩ0140፣ ዩ0155 አብረው ከተደረደሩ ሞተሩም፣ አካሉም፣ ዳሽቦርዱም ጠፍተዋል እየተባለ ነው። ባትሪ፣ ዋና ማሳ ወይም ዋናው መስመር ነው። የኋላው ሞጁል ራሱ ውስጡ ተበላሽቶ መስመሩን በሙሉ ሊዘጋ ይችላል፤ ሶኬቱን ስትነቅሉት ሌላው ሁሉ ነፍስ ከዘራ እሱ ነው።

እንደዚሁ እየነዳሁ ልቆይ?

ብቻውን ከመጣ አዎ፣ ከሙቀቱ በስተቀር የሚያቆማችሁ ነገር የለም። ሕፃናት ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ግን በሙቀት ወቅት ወደ ሁለተኛው ረድፍ አምጧቸው። ዳሽቦርዱ ላይ ሌላ መብራት ከተጨመረ፣ ማርሹ ካስቸገረ ወይም መኪናው አልነሳ ካለ አትንዱ። ጠዋት ጠዋት ባትሪ የሚሞትባችሁ ከሆነም አንድ የማይተኛ ሞጁል ሌሊቱን ሙሉ እየበላ ሊሆን ይችላል። መኪናው ተቆልፎ ሁሉም ሞጁል ከተኛ በኋላ የሚስበው ከ50 ሚሊአምፔር በታች መሆን አለበት።

ያገለገለ ሞጁል ከመኪና ማፍረሻ ብገዛስ?

ይቻላል፣ ሁለት ነገር ካሟላችሁ። የዕቃው ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል አንድ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ያ ሞጁል ለመኪናው መተዋወቅ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ ተሰክቶ ይሠራል፤ አንዳንዱ በሻሲ ቁጥር ካልተጻፈለት ዝም ይላል፣ ያኔ ዕቃው በርክሶ የማስጻፊያው ይወደዳል።

ጋራዥ ስሄድ ምን ልበል?

«ኤሲዬን ሥሩልኝ» አትበሉ፤ ጋዝ ነው የሚሞሉት። «ዩ0165 አለኝ፣ ሞጁሉ ሶኬት ላይ መመገቢያ፣ ማሳና የመረጃ መስመር ተለክቶ ቁጥሩ ይጻፍልኝ» በሉ። ለምርመራ መክፈል ደስ አይልም፣ አውቃለሁ፣ ግን የአንድ ሰዓት ምርመራ ከአንድ ያልተፈለገ ሞጁል ይረክሳል። ሞጁል ይቀየር ካሏችሁ «ምን ለክታችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር ከሌለ ግምት ነው። ከመሄዳችሁ በፊትም የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረ ገጽ ላይ የሻሲ ቁጥራችሁን አስገቡ። ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ መኪናውን ለጥገና የጠራበት ጉድለት) ካለ ያሳያል፤ አምራቹ ለነጋዴዎቹ የላካቸውን የጥገና ማስታወቂያዎችም በመኪናው ዓመትና ሞዴል እዚያው በነጻ ማንበብ ይቻላል።

አገር ቤት ላለው መኪናስ?

የድሮ ሃይአስ ከሆነ ይሄን ሁሉ ማንበብ አልነበረባችሁም። የኋላው ኤሲ ቁልፍ፣ ሪሌ፣ ሬዚስተርና ማራገቢያ ነው፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለበትም። ጥሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአንድ ቴስተር ይጨርሰዋል። በአንደኛው ፍጥነት አልሠራ ብሎ በመጨረሻው የሚሠራ ከሆነ ሬዚስተሩ ነው።

ከዱባይ የመጡት አዳዲስ ላንድክሩዘሮች ላይ ከላይ ያለው አካሄድ ይሠራል። አቧራው ግን ይጨመርበታል፤ ሶኬት ውስጥ ገብቶ እርጥበት ሲያገኝ ጭቃ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ደግሞ አሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 6 ያሉ ባለ ሦስት ረድፎች አዲስ አበባ ላይ በርክተዋል። መቆጣጠሪያ ፓነሉ ያው በ12 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የምርመራው ቅደም ተከተልም አይለይም። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ስትደክም ግን በኤሌክትሪክ መኪናም የዩ ኮድ ይዘንባል፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም። ኮምፕሬሰሩ በከፍተኛ ቮልት ስለሚሠራ ብርቱካናማ ኬብል ያለበት ቦታ ያልሠለጠነ ሰው እጅ አይግባ። ለቻይና ገበያ የተሠራ ስለሆነም የስካነራችሁ ሶፍትዌር መኪናውን የሚያውቀው መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ካላወቀው ሞጁል ጠፋ ብሎ የሌለ ችግር ሊነግራችሁ ይችላል።

አስተካከልኩት። መዳኑን በምን አውቃለሁ?

ኮዱን ከሁሉም ሞጁል አጥፉ፣ ከፊተኛው ብቻ አይደለም። ሞተሩን አጥፍታችሁ በሩን ቆልፉና ሞጁሎቹ እስኪተኙ ጠብቁ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አስነሱ፣ የኋላውን ኤሲ ከፊትም ከኋላም እዘዙት፣ ማራገቢያውን ከትንሹ እስከ ትልቁ አዙሩ፣ ወንበሩን ወደፊት ወደኋላ አንሸራትቱ፣ ኮረኮንች መንገድ ካለ ንዱበት። ከዚያ ድጋሚ ሁሉንም ሞጁል አስሱ። ውሃ ከነበረ ደግሞ ምንጣፉ ሥሩ ድረስ ሳይደርቅ ሽፋኑን አትግጠሙት።